ተቀመጥ የተባለው ሸማኔ

ከወለምታ ለሚያገግም ሰው የምንላት አባባል እንዲያው አልመጣችም። መነሻዋ ድሮ በአንድ ሸማኔ ደጃፍ የተሰማ ጭቅጭቅ ነው፤ ግማሹ ተረስቷል፣ የቀረው እንዲህ ይወራል።

«አባባ ውበቴ፣ ይኸው እንዳዘዙኝ ተቀምጫለሁ!» አለ ሸማኔው ደምሰው።

«የት ነው የተቀመጥከው?» አሉ ወጌሻው።

«ከሽመናው ጉድጓድ።»

ደምሰው ወንዝ ሲሻገር ድንጋይ ከድቶት ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ነበር። አባባ ውበቴ አሽተው ከመለሱለት በኋላ «ተቀመጥ» ብለውት ሄዱ። ለሸማኔ ደግሞ መቀመጥ ማለት እግርን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን መርገጥ ነው። የልጁ የጥሩዓለም ሠርግ ቀርቧል፤ በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ቀሚስ ለብሳ እንድትዳርበት አልፈለገም። ሲረግጥ ውሎ ሲረግጥ አመሸ፤ እግሩም እንደ ቅል አበጠ።

«ያረፈው መቀመጫህ ነው እንጂ እግርህማ ገበያ ደርሶ ተመልሷል!» ብለው ተቆጡት።

ደምሰው ፈራ። ከዚያ ወዲያ ከመደቡ ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ ውብነሽ «ኧረ ፀሐይ እንኳ ሙቅ» ስትለው፣ «ልትገዪኝ ነው እንዴ?» ይላታል። እብጠቱ ጎደለ፤ ሊነሣ ሲል ግን ቁርጭምጭሚቱ እንደ ደረቀ ቆዳ አልታጠፍ አለ። ቀሚሱ ገና አላለቀም። «እመቤቴ፣ በልጄ ቀን አታሳፍሪኝ» ብሎ ጸለየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወጌሻው እንደገና ተጠሩ። እግሩን በቅቤ እያሹ ሳቁ።

«አንተ ሰው፣ መካከል የሚባል ነገር አታውቅም?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ብሠራ አበጠ፣ ብተኛ ደረቀ!»

«ጥቂት ርገጥ። ሳያምህ አውጥተህ በርጩማ ላይ አሳርፈው። ደግሞ ርገጥ።»

«እንዲህ እየተንፏቀቅሁ ቀሚሱ ለሠርጉ ባይደርስስ?»

ጥሩዓለም ከጓዳ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ሰፊው ጥለት ይቅርብኝ። በእግርህ ቆመህ ብትሸኘኝ ይበልጥብኛል።»

ደምሰው ልጁን አየ፣ እግሩን አየ። «እሺ፤ ጥለቱ ይጥበብ፤ እኔም ጥቂት ልርገጥ፣ ጥቂት ልረፍ» አለ።

አባባ ውበቴም ዘንጋቸውን አንሥተው ሲወጡ፣ ደጅ የቆመው ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልብ በሉ እንግዲህ፤ መተኛት ያደርቃል፣ መቸኮል ያወልቃል» አሉ።