መውጫውን የደፈነው ጅብ

አንድ ጊዜ ከአንዲት ምንጭ በታች ጅብና አህያ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ጅብና አህያ እንዴት ተጎራበቱ ብላችሁ እንደሆነ፣ አያ አንበሶ «በጎረቤቱ ላይ ጥርሱን ያሳረፈ ወዮለት» ብሎ ዐዋጅ አስነግሮ ነበር። ሁለቱም በየጓሯቸው ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ያረባሉ። የምንጩ ውኃ በቦይ መጥቶ መጀመሪያ ከላይ ወዳለው የጅብ ኩሬ ይገባል፤ ከዚያ በመውጫው አልፎ በድንጋዮች ላይ እየዘለለ ወደ አህያ ኩሬ ይወርዳል።

አህያ ጠዋት ጠዋት ከቦይዋ ቅጠሉን ትለቅማለች፣ ጭቃውን ትጠርጋለች። ዓሦቿም ወፈሩላት። ጅብ ይህን ባየ ቁጥር ሆዱ ያርራል። የራሱ ዓሦች ደህና ነበሩ፤ እሱ ግን የሚውለው የእሷን ሲያይ ነው። ቅናት አጥንት ያነቅዛል እንዲሉ፣ አጥንት መቆርጠም እንኳ አስጠላው።

«እኔ ጋ ያለፈ ውኃ እሷን ያወፍራል?» አለና መውጫውን በጭቃና በድንጋይ ደፈነው። ኩሬው ሞልቶ ሊፈስ ሲል ደግሞ «አሁንስ ይበቃኛል» ብሎ መግቢያውንም ደፈነ።

አህያ ቦይዋ ሲደርቅ ደነገጠች። ዓሦቿ አየር እንዳያጥራቸው ኩሬው ውስጥ ገብታ ውኃውን በእግሯ ስታናውጥ ዋለች። ማምሻውን ግን መግቢያ ያጣው የምንጭ ውኃ የጅብን አጥር ዞሮ፣ በአሮጌ ፈፋ ቁልቁል ወደ እሷ ወረደ።

በሦስተኛው ቀን የጅብ ዓሦች ከውኃው በላይ ብቅ እያሉ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ቀበሮ ይህን አይታ ምራቋን ዋጠች።

«አያ ጅቦ፣ ዓሦችህ ሊያመሰግኑህ ወጡ እኮ። የአህያ ዓሦች አንድ ቀን አመስግነዋት ያውቃሉ?»

ጅብ ደረቱን ነፋ። በደስታ አንድ ቁና ፉርሽካ በተነላቸው፤ ውኃው ይባስ ደፈረሰ። ይህን ጊዜ አህያ በአጥር በኩል ብቅ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ዓሦችህ እየታፈኑ ነው። ውኃ ካልገባና ካልወጣ፣ ካልተናወጠም አየር አያገኝም። ሁለቱንም ክፈት።»

«ልክፈትና ውኃው አንቺ ጋ ይውረድ?»

«እኔ ጋ በሌላ በኩል ደርሷል። ይልቅ የራስህን አድን።»

ቀበሮ ወደ ጆሮው ተጠግታ «ቸግሯት ነው፣ አትመናት» አለችው። ጅብም ቀበሮን አመነ።

«ለአንቺ ከሚተርፍሽ የእኔም ይሙቱ» አለ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» የሚለው በአህያ ስም መተረቱ ግፍ ነው፤ የዚያን ቀን ያለው ጅብ ነበር።

በማግስቱ ዓሦቹ በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ጅብ እስኪነቃ ቀበሮ የሰቡትን ሁሉ ለቅማ ሄዳለች። እሱም «መቼም የእሷም አልቀዋል» ብሎ ሊጽናና ወደ አጥሩ ሄደ። ቢያይ የአህያ ኩሬ እስከ አፉ ሞልቷል፣ በፈፋው የሚወርደው ውኃ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ ዓሦቹም ከሥር ይርመሰመሳሉ።

«ይህን ሁሉ ውኃ ማን ሰጠሽ?» አላት።

«አንተ ነህ፣ አያ ጅቦ» አለችው። «መግቢያህን ስትደፍን የአንተም ድርሻ ወደ እኔ መጣ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለጎረቤት እንዳይደርስ ብለን የምንደፍነው ቀዳዳ የራሳችንም መተንፈሻ መሆኑን ነው።