ድምፁን ያጠፋ ይውሰዳት

በአንድ ወቅት፣ የጭነት መኪኖች ለምሳ በሚቆሙባት ከተማ፣ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ አንዲት አሮጌ መኪናና ሦስት ልጆች ትተውላቸዋል፤ ደምሰው፣ ዘርፌና ሀብቴ። ሦስቱም ሥራ የላቸውም። መኪናዋን ያገኘ ታክሲ አድርጎ እንጀራ ይበላባታል። የቀሩት ሁለቱ እንደ ቀድሞው በር ላይ ይቀመጣሉ።

የሟቹ አርባ በወጣ ማግስት፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ዘይት ለመቀየር ኮፈኑን ከፈቱ። አባታቸው ያደርጉት የነበረ ነው። አዲሱን ዘይት ሞልተው ሲያስነሷት ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ወይዘሮ አስካለ ደጃፉ ላይ ነበሩ። ካለቀሱ ቆይተዋል፤ ካወሩም ቆይተዋል።

«አባታችሁ በር ሲያንኳኳ እንዲህ ነበር» አሉ። «ድምፁን ያጠፋልኝ መኪናዋን ይውሰዳት።»

ታላቁ ደምሰው ካቻቢቴ አነሳ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ እዚህም እዚያም አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ሆንክ እንዴ? ‹ምላስሽን አውጪ› በላታ!» አለ ሀብቴ።

ደምሰው አልሳቀም። «ሞተሩ ደኅና ነው፣ እንዳትፈቱት። ድምፁ ከፊት ነው፤ በማቀዝቀዣው ፋን በኩል።»

ዘርፌ ጎንበስ ብላ አየች። ፋኑ እየተወላገደ ይዞራል፤ ጫፉ አጠገቡ ያለውን ቆርቆሮ ይመታል። ትንሽ ቢቆይ ራዲያተሩን ይቀድ ነበር። ለማንም ሳትናገር ሮጣ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ግቢው ጭር አለ።

ሀብቴ መፍቻ ይዞ እጁን ሰደደ። ፋኑን የያዙት ቡሎኖች ላልተዋል። «እስኪበርድ ጠብቅ እንጂ!» ቢሉት፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈርቶ አልጠበቀም። ክንዱ ተቃጠለ። አጥብቆ ጨረሰና አስነሳት። ድምፁ የለም።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ዘርፌ።

«ቁልፍ ማዞርማ የጎረቤት ሕፃንም ይችላል! ብታስነሻት መልሳ ትጮህ ነበር እኮ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ክንዴን እዪው።»

«እኔ ባልደርስ የምታጠብቀው ፋን ይኖርህ ነበር?»

«ከየት እንደሚመጣ ሳልነግራችሁ ምኑን ታጠፉት ነበር?» አለ ደምሰው። «ይኼኔ ሞተሩን በታትናችሁት ነበር።»

ቁልፉን ነቅሎ እናቱ መዳፍ ላይ አኖረው። «እማዬ፣ አንቺው ተናገሪ። ማን ነው ያጠፋው?»

ወይዘሮ አስካለ ዝም ያለውን ግቢ ብዙ አዳመጡ።

«ሁላችሁም አጠፋችሁ» አሉ።

ድምፁን ማለታቸው ይሁን በደላችሁኝ ማለታቸው፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ቁልፉ መዳፋቸው ላይ እንዳለ ነው። ሦስት እጆች ተዘርግተዋል፤ እሳቸው ግን አያዩም።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ ቦታውን አወቀ፣ አንዷ በጊዜው ደረሰች፣ አንዱ ተቃጥሎ አጠበቀ። ድምፁን ያጠፋው ማን ነው? መኪናዋስ የማን ትሁን?