ዳንቴል የለበሰው ካሜራ

ነበረች በሉኝ! ትርንጎ የምትባል፣ ቢሾፍቱ የምትኖር፣ ለዕቃዋ የምትሳሳ ሴት ነበረች። ቴሌቪዥኗ ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮኗ ዳንቴል ለብሷል፣ ፍሪጇም ለብሷል፤ ዝም ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ ለብሷል። ባል ቢኖራት እሱንም አልብሳ ጥግ ታስቀምጠው ነበር።

የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ሞጆ መሄድ። ታናሽ እህቷ ማንጠግቦሽ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ እሁድ ሰማንያ ቀኗ ይሞላል፤ የክርስትና እናቷም ትርንጎ ናት። የራሷ ልጅ የሌላት ትርንጎ ይህን ቀን ስትናፍቅ ነው የከረመችው። ግን ቤቱን ለማን ትተው? ባለፈው ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ አውራ ዶሮዋ ተሰርቆ ጠበቃት። አሁን ደግሞ ገብስማዋ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

ካሜራ ልትገዛ ሄደች።

«ይሄኛው ምርጥ ነው፣ እናቴ፤ በየወሩ ትንሽ ነገር ይከፈልበታል» አላት ባለሱቁ።

«በየወሩ ለሚከፈለውማ ዘበኛ አልቀጥርም? ዘበኛ ቢያንስ ደህና አደርሽ ይለኛል።»

«ይሄኛው ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ ግን ሽቦ አለው፣ ግድግዳ ይበሳል።»

«የኔን ግድግዳ? በስመ አብ!»

«እንግዲያው ይሄ ነው ያንቺ። ሽቦ የለው፣ ወር የለው፤ ከፀሐይ ይበላል፣ ሌባ ሲያይ ይጮኻል።»

ወደደችው። ካሜራውን በሯ ላይ፣ የፀሐይ ሰሌዳውን ጣሪያዋ ላይ አሰቀለች። ከዚያ አቧራ እንዳይነካቸው ብላ፣ ሁለቱንም ዳንቴል አለበሰቻቸው።

«ካሜራ፣ ካሜራ፣ ቤቴን ጠብቅ፤ ለክርስትና ልሂድ።»

«አልጠብቅም» አለ ካሜራው። «ርቦኝ ዓይኔ ጨልሟል፤ ባትሪው ያብላኝ።»

«ባትሪ፣ ባትሪ፣ ካሜራውን አብላ! ካሜራው ቤቱን አልጠብቅም አለ፤ እኔስ እንዴት ለክርስትና ልሂድ?»

«አላበላም። እኔ ራሴ ጾሜን ነኝ፤ ሰሌዳው ያጉርሰኝ።»

መሰላል ተደግፋ ወደ ላይ ጮኸች። «ሰሌዳ፣ ሰሌዳ፣ ባትሪውን አጉርስ! ባትሪው ካሜራውን አላበላም አለ፤ ካሜራው ቤቱን አልጠብቅም አለ፤ እኔስ እንዴት ለክርስትና ልሂድ?»

«አላጎርስም። ፀሐይዋን ካየኋት ሰነበትኩ። ምን እንደጋረደኝ እንጃ፤ ይሄ አጠገቤ የቆመው ግራር ሳይሆን አይቀርም።»

ነገርን ከሥሩ ነው፤ ትርንጎ ወደ ግራሩ ሥር ሄደች። «ግራር፣ ግራር፣ ቅርንጫፍህን ሰብስብ! ሰሌዳው ባትሪውን አላጎርስም አለ፤ ባትሪው ካሜራውን አላበላም አለ፤ ካሜራው ቤቱን አልጠብቅም አለ፤ እኔስ እንዴት ለክርስትና ልሂድ?»

«አልሰበስብም። እዚህ የቆምኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። ማንጠግቦሽ ናት።

«እትዬ፣ ቄሱ ነገ ሲነጋ ድረሱ ብለዋል። የት ደረስሽ?»

«ግራሩ ጋ።»

«የቱ ግራር? ሞጆ መግቢያው?»

«የኔው ግራር።»

የማንጠግቦሽ ድምፅ ተሰበረ። «ታዲያ ልጄን ማን ይቀፍልኝ?»

ትርንጎ ሮጣ ፍየሏን ያዘች። «ፍየል፣ ፍየል፣ ግራሩን ብይ! ግራሩ ቅርንጫፌን አልሰበስብም አለ፤ ሰሌዳው ባትሪውን አላጎርስም አለ፤ ባትሪው ካሜራውን አላበላም አለ፤ ካሜራው ቤቱን አልጠብቅም አለ፤ እኔስ እንዴት ለክርስትና ልሂድ?»

«አልበላም። እሾሁ ከንፈሬን ይወጋኛል» አለች ፍየሏ፣ የጎረቤት ጎመን እያመነዠከች።

«ገመድ፣ ገመድ፣ ፍየሏን ጎትት! ፍየሏ ግራሩን አልበላም አለች፤ ግራሩ ቅርንጫፌን አልሰበስብም አለ፤ ሰሌዳው ባትሪውን አላጎርስም አለ፤ ባትሪው ካሜራውን አላበላም አለ፤ ካሜራው ቤቱን አልጠብቅም አለ፤ እኔስ እንዴት ለክርስትና ልሂድ?»

«አልጎትትም። ተጠቅልዬ ተኝቻለሁ፣ አታዪም?»

ትርንጎ አንገቷን ደፍታ ጓዳ ገባች። «አይጥ፣ አይጥ፣ ገመዱን ቆርጥሚ! ገመዱ ፍየሏን አልጎትትም አለ፤ ፍየሏ ግራሩን አልበላም አለች፤ ግራሩ ቅርንጫፌን አልሰበስብም አለ፤ ሰሌዳው ባትሪውን አላጎርስም አለ፤ ባትሪው ካሜራውን አላበላም አለ፤ ካሜራው ቤቱን አልጠብቅም አለ፤ እኔስ እንዴት ለክርስትና ልሂድ?»

«እቆረጥም ነበር» አለች አይጢቱ፤ «ግን ልጆቼ ራቁታቸውን ናቸው፣ ብርድ ገደላቸው። እናት አይደለሁ? የሚለብሱት ስጪኝና እቆረጥማለሁ።»

ትርንጎ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ብታነሳ እንግዳ ምን ይላል? የፍሪጁንስ? ደጅ ያሉትን ግን ከሌባ በቀር ማን ያያቸዋል? መሰላሉን ወጣችና ከሰሌዳው ላይ ሳብ፣ ከካሜራው ላይ ሳብ አድርጋ ወረወረችላት።

አይጢቱ ዳንቴሉን ይዛ ገባች፣ ተመልሳ ገመዱን ልትቆረጥም ጥርሷን አሾለች። ገመዱ ደንግጦ ፍየሏን ጎተተ፤ ፍየሏ ግራሩን በላች፤ ግራሩ ቅርንጫፉን ሰበሰበ፤ ሰሌዳው ባትሪውን አጎረሰ፤ ባትሪው ካሜራውን አበላ፤ ካሜራው ዓይኑን ገለጠና መጀመሪያ ያያት መሰላል ላይ የወጣችውን ትርንጎን ነበር።

ጮኸ! ሰፈሩ እስኪናወጥ ጮኸ። ጎረቤቷ ጋሽ ባንተይርጋ ፊታቸው ግማሹ ሳሙና፣ ግማሹ የተላጨ፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ።

«የታለ ሌባው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽዬ።»

«አንቺ? የራስሽን ቤት?» ሽቅብ ካሜራውን አዩት። «ጎበዝ ነው። እሱ ከጮኸ እኔ እወጣለሁ። አንቺ ሂጂ፣ ልጅቱን አስጠምቂ።»

ግራሩ ነው የጋረደው ወይስ ዳንቴሉ? እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ ተራኪ እንጂ የሶላር ጠጋኝ አይደለሁም። ፍየሏን ግን ስለ ዳንቴሉ እንዳትነግሯት፤ ከንፈሯ እስካሁን አልዳነም።

እሁድ ጠዋት ትርንጎ ሕፃኗን አቅፋ ከቤተ ክርስቲያን ወጣች። የሞጆ መንገድ አቧራ ነው። ከቦርሳዋ ለልጅቱ የሠራችውን አዲስ ዳንቴል አወጣችና ፊቷን ሸፈነቻት። ትንሽ እንደሄደች ቆመች። ደጅ የተሰቀለው ካሜራ ትዝ አላት። ዳንቴሉን ቀስ ብላ አነሳችው።

ሕፃኗ ዓይኗን ገለጠች። ሽቦ የላት፣ ወር የላት፤ ትርንጎን ትክ ብላ ተመለከተቻት። ትርንጎም ደስታ አሸነፋትና መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳንቴሉን ግን ለአይጢቱ ልጆች ተዉላቸው።