ቆቅና የዝንጀሮው ግንድ

ተረት ተረት ስላችሁ የሰማ ጠጋ ይበል።

እመት ቆቅ ቃሏን አጣድፋ የምታንጣጣ ነበረች። ያ ሻካራ ድምፅዋ ገና ሲሰማ ጫጩቶቿ ሣር ውስጥ ይሸጎጣሉ፤ ጭልፊትም ባዶውን ይመለሳል።

አንድ ቀን፣ የተቦረቦረ ግንድ እየደለቀ የሚውል ዝንጀሮ ሰማት።

«እመት ቆቅ፣ ድምፅስ ነበረሽ፤ ምን ያስሮጥሻል? የሚያሳድድሽ አለ?»

«ሌላ አላውቅማ፣ አያ ዝንጀሮ!»

«እንግዲያው እኔ እስክመታ ጠብቂ። ከዚያ ድምፅሽን ጎተት አድርጊው።»

ጎተተችው። ከግንዱ ጋር ሲገጥም የገዛ ጆሮዋን አላመነችም። ዱሩ ሁሉ እስክስታ ወረደ፤ ጫጩቶቿም ክንፋቸውን እያርገፈገፉ መሀል ገቡ። እያደር ጥሬ ስትለቅምም ልጆቿን ስትጠራም ድምፅዋ እንደዚያው ሆነ። የቀድሞው ጠፋት።

አንድ ረፋድ ላይ የጭልፊት ጥላ ሜዳው ላይ አረፈ። ቆቅ ደንግጣ «ተደበቁ!» ብላ ጮኸች። ቃሉ ግን ተጎትቶ፣ በምት ተለክቶ ወጣ።

«እማዬ ጀመረች!» አሉ ጫጩቶቹ። ከሣሩ ወጥተው ይጨፍሩ ጀመር። ጭልፊት ወረደና ትንሿን ይዟት ሄደ።

ቆቅ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዝንጀሮ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት።

«እሰይ፣ እመት ቆቅ! ይቺን ድገሚያት፤ ለግንዱ ትሆናለች» አለና እጁን አነሳ።

ቆቅም እንባዋን ሳትጠርግ ምቱን ጠበቀች።

ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ እናንተው ዘንድ ትቆይ።