ጅብ ገልብጦ የወሰደው ገጽ

አንድ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ ስልክ በያዘበት ዘመን፣ እመት ሸረሪት ኮረብታው ላይ ካለ ዋርካ ተቀምጣ ለመንደሩ የስልክ ገጽ ትሠራ ነበር። የእንቁላል ከረጢቷን በአንድ እግሯ አቅፋ፣ በቀሩት ትጽፋለች። ገጹ ግርግር የለውም። ከላይ የወንዙ መሻገሪያ የት እንደሆነ ይነግራል፤ ከታች «ድረሱልኝ» የሚል ቀይ ቁልፍ አለ። መሃሉ ባዶ ነው።

«መሃሉን ረሳሽው እንዴ?» አላት አህያ።

«አልረሳሁትም፤ ለእናንተ ትቼው ነው። ይህ እናት ገጽ ነው። ‹እንደ እናት ገጽ ይሁን› በሉና የራሳችሁን ብቻ ጨምሩ። እንዴት እንደሚሠራ አትጨነቁ። ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ ጻፉ፤ የቀረውን ራሱ ያደራጀዋል።»

አህያ ጻፈ፦ «እንደ እናት ገጽ ይሁን። መሃሉ ላይ፦ ጭነት አደርሳለሁ።» ወዲያው ያማረ ገጽ ብቅ አለለት። ቀበሮም ተከተለች፦ «እንደ እናት ገጽ ይሁን። መሃሉ ላይ፦ ዶሮዎች ሆይ፣ እንቁላላችሁን በአደራ እጠብቃለሁ። ቀለሙ ለስለስ ይበል።» መንደሩ ሳቀ፤ ገጹ ግን ያምር ነበር። አንዷ የደከመችበት ለሁሉ ደረሰ!

አያ ጅቦን ከፋው። «እኔ ከሰው ገጽ ተንጠልጥዬ ልኖር? የራሴን ነው የምፈልገው!» ብሎ እናት ገጹን እንዳለ ገለበጠው። አልጠግብ ሲል የአህያን ጭነት፣ የቀበሮንም እንቁላል ጨመረበት። ቦታ ሲጠበው ቀዩን ቁልፍ ቆርጦ ጣለ።

«አያ ጅቦ፣» አለች ሸረሪት፣ «ስትገለብጠው ከእኔ ጋር ያለው ክር ይበጠሳል። ነገ የማስተካክለው አንተ ጋ አይደርስም።»

«አልቆ የለ እንዴ! ደግሞ ምኑን ታስተካክይዋለሽ?» ወደ ሌሎቹ ዞረ። «የእናንተ ቁራጭ ናት፤ የኔን እዩ፣ ቢዘረጋ ከዋርካው ጫፍ ሥሩ ይደርሳል!»

ቀበሮ ትክ ብላ አየችና፣ «መቼም ትልቅ ነው፤ ልክ እንደ ባለቤቱ ሆድ» አለች። ጅብ የተመሰገነ መሰለው።

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞላና ከሾላው ሥር የነበረውን መሻገሪያ ዋጠው። ወፎች ወሬውን ለሸረሪት አደረሱ። እሷም እናት ገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቀየረች፦ «መሻገሪያው ከቋጥኙ በላይ ነው።» የአህያም፣ የቀበሮም፣ የመንደሩም ገጽ በዚያው ቅጽበት ተቀየረ። ከአያ ጅቦ በቀር።

የጅብ ሚስት ታናሿን ልጇን አስከትላ ወንዙ ዳር ደረሰች። ውሃው ደፍርሶ ጥልቀቱን ደብቋል። የባሏን ገጽ ከፈተች፤ «መሻገሪያው ከሾላው ሥር ነው» ይላል።

«ግቢ የኔ ልጅ፤ አባትሽ የጻፈው ነው» አለቻት።

ልጅቷ እግሯን ከማስገባቷ ውሃው ጠለፋት። እናት ቀዩን ቁልፍ ፈለገች። ጭነት አለ፣ እንቁላል አለ፣ ቁልፍ የለም! ስልኩን ወርውራ ጮኸች።

አህያ ከቋጥኙ በላይ እየተሻገረ ነበር። የጅብ ድምፅ መሆኑን ሲያውቅ ሊሸሽ ዞረ። ጩኸቱ ግን የእናት ጩኸት ነበር። ጭነቱን አራግፎ በዳርቻው ጋለበ፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ልጅቷን በማጅራቷ ነክሶ አወጣት።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ዋርካው ዘንድ ወጣ። ያን ሁሉ የተዘረጋ ገጽ አጠፋው።

«እመት ሸረሪት፣ የተበጠሰው ክር ይቀጠላል?»

«ይቀጠላል እንጂ። አንድ መስመር ነው።»

ጻፈ፦ «እንደ እናት ገጽ ይሁን። መሃሉ ላይ፦ አህያን አመሰግናለሁ፤ ለእራት ቤቴ ይምጣልኝ።»

አህያ ከወንዙ ማዶ ሆኖ አነበበና፣ «ምስጋናህ እዚሁ ደርሶኛል፣ አያ ጅቦ!» ብሎ መለሰለት።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራውን መሠረት ገልብጦ የግሉ ያደረገ ስህተቱን ይዞ እንደሚቀር፣ ክሩን ሳይበጥስ የራሱን የጨመረ ግን መሠረቱ በታደሰ ቁጥር አብሮ እንደሚታደስ ነው።