መቶ ጊዜ አረንጓዴ

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ መፈተን ነው። ሌሎች የሠሩትን የኢንተርኔት ገጽ ይሠራ እንደሆነ፣ አይሠራ እንደሆነ ትፈትናለች።

በእጇ እየነካካች እንዳይመስላችሁ! ኮምፒውተሯ ላይ ባለ ጥቁር ሰሌዳ አንዲት መስመር ትእዛዝ ትጽፋለች። የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻው፣ ብራውዘሩ፣ ብድግ ይላል። ማንም ሳይነካው ገጹን ይከፍታል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ይልካል፣ ይዘጋል። እንደገና ይከፍታል። መቶ ጊዜ! ከተሳካ አረንጓዴ ያሳያታል፤ ካልተሳካ ቀይ።

ያን ሰሞን የምትፈትነው የኩላሊት እጥበት ሕመምተኞች ተራ የሚይዙበትን ገጽ ነበር። ከሰኞ እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ያልተመዘገበ ሰው የወሩ ተራ ያመልጠዋል። ሳይታጠብ ወር የሚከርም የኩላሊት በሽተኛ አለ? የለም። እሷም ይህን ስለምታውቅ እህል አልወርድላት ብሎ ነበር። ሰኞ ፈተነች፤ አረንጓዴ። ማክሰኞ ፈተነች፤ አረንጓዴ። “ቅሬታ ያቀረበ ሰው አለ?” ብላ ገጹን የሠሩትን ጠየቀች። “አንድም የለም” አሏት። ተመስገን አለች።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ቤቷ ሆና ስትሠራ፣ ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘነቡ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው አቶ ላቀው ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ናቸው።

“ልጄ፣ ሥራ ላስፈታሽ ነው። ይሄ ነገር አላስገባ አለኝ። የሚስጥር ቁጥር እንልካለን ይላል፣ አይመጣም። ከሰኞ ጀምሮ ስታገል ነው የከረምኩት።”

“ከሰኞ ጀምሮ? እትዬ፣ ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነዋ! አላውቅበትም ብዬ።”

ሴትዮዋ ክው አለች። የጻፈቻትን ትእዛዝ መልሳ አነበበች። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ስታስነሳ የነበረው የራሷን ብራውዘር ነው፤ እሷን የሚያውቀውን፣ አንድ ጊዜ ገብታበት ያልወጣችበትን። ገጹ “ማን ነሽ? የሚስጥር ቁጥርሽስ?” ብሎ በር ላይ ጠይቋት አያውቅም። ትእዛዙን አስተካክላ፣ ብራውዘሩ እንደማያውቃት እንግዳ ሆኖ እንዲነሳ አደረገች። ቀይ። ቀይ። ቀይ። መቶውም ቀይ!

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው። ገጹን ለሠሩት ደወለች። አሥር ሰዓት ላይ ተጠገነ፤ አቶ ላቀው ተመዘገቡ። ሌሎቹስ? ቀን ይራዘም ብላ ለመነች፣ አንድ ቀን ተጨመረ። ግን ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ያስቀመጠ ሰው፣ ቀን መጨመሩን በምን ያውቃል?

ወገኖቼ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ቀዩ አይደለም፤ አረንጓዴው ነው።

እኛስ በራችንን የምንፈትነው በማን ነው? “በቤተ ክርስቲያናችን ፍቅር አለ” ትላላችሁ። ማን ገብቶ አይቶ? እናንተ! ጥበቃው በስም የሚጠራችሁ፣ መቀመጫችሁ የታወቀ፣ ሃያ ዓመት የተመላለሳችሁ! አንተ አባት፣ “ልጆቼ ምንም አይደብቁኝም” ትላለህ። የጠየቅኸው የምትቀርብህን ልጅ ነው። ዝምተኛዋንስ ጠይቀሃታል?

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ሦስት እሁድ መጣች። እዚያ፣ ከኋላ፣ ምሰሶው ጋ ቆማ ነበር። እኔም ከዚህ ሆኜ አይቻታለሁ። አንዱ ያናግራታል ብዬ ተውኩት። እናንተም እንደዚያው ብላችሁ ይሆናል። በአራተኛው እሁድ አልመጣችም።

ቅሬታ አላቀረበችም። ስለዚህ ደህና ነን አልን። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ ወገኖቼ። ይህን ሳወራላችሁ እቤቷ ቁጭ ብላ “ጥፋቱ የኔ ነው” እያለች ይሆናል።

እስቲ ስሟን የሚያውቅ እጁን ያንሳ።