የእንድሪስ የውኃ ተራ

ስሟን ብጠራ ሁሉም «የእኛ ናት» ብሎ የሚሟገትባት አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች፤ ከተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ብርቱካንና ሎሚ የሚበቅልባት። በዚያች ከተማ ሸኽ ይማም የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ቁርኣን ያስቀራሉ፣ በጁምዓ ኹጥባ ያደርጋሉ፤ ሰው ይበልጥ የሚያውቃቸው ግን በውኃ አባትነታቸው ነበር። ከተራራው የሚወርደውን ምንጭ ለየአትክልቱ በተራ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። የአንዱን ሐቅ ለሌላው አሳልፈው ሰጡ ተብለው ታምተው አያውቁም።

ደንቡ አጭር ነው። ተራው የደረሰ ሰው ራሱ፣ ወይም ከቤቱ አንድ አዋቂ፣ እስከ ላይኛው ቦይ አፍ ይወጣል። ቢስሚላህ ብሎ ቦዩ የተደፈነበትን ጭቃ ያነሳና ውኃውን ተከትሎ ይወርዳል። የቀረ ሰው ተራው ለጎረቤቱ ያልፋል፤ ደጋግሞ ከቀረ እስከ ወዲያኛው ይወሰድበታል። ባሏ ሞቶባት ዒዳ ላይ ላለች ሴት ብቻ ጎረቤት ይከፍትላታል።

ባለ ብርቱካኑ እንድሪስ የሞተው ተራው ደርሶ ሲወጣ እዚያው ቦይ አፍ ላይ ነበር። ክረምት ያራሰው አፈር ድንገት ተንዶ ዋጠው። ሸኽ ይማም ዐይናቸው እያየ ነው የሆነው። በእጃቸው ምሰው አወጡት፤ አጥበው ከፈኑት፤ ሰላተል ጀናዛውን አሰገዱ። ለለቀስተኛው «የአላህ ቀደር ነው፣ ሰብር አድርጉ» ሲሉ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ላይ መውጣት ተዉ። «ጉልበቴ ደከመ» ብለው፣ ከታች ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠው ተራ ማደል ጀመሩ። ጉልበታቸው በእርግጥ ደክሟል። ስለዚህ ማንም አልጠረጠራቸውም፤ እሳቸውም ራሳቸውን አልጠየቁም።

የእንድሪስ ሚስት ሉባባ ዒዳዋን ጨረሰች። ተራዋ ደረሰ፤ አልወጣችም። በሚቀጥለውም ቀረች። የብርቱካኑ ቅጠል ተጠቀለለ፤ ፍሬው ሳይበስል ይረግፍ ጀመር። የእሷና የሴት ልጆቿ ጉሮሮ የተንጠለጠለው በዚያ አትክልት ነው።

አንድ ቀን ከዓስር ሰላት በኋላ ወንዶቹ ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ጎረቤቷ ሙሄ ምላሱ አያርፍም።

«ሸኽዬ፣ የእኔ ሎሚ ጠጥቶ ሊያገሳ ነው፤ የሷ ብርቱካን ግን አመድ ሆነ። ወይ ትውጣ፣ ወይ ተራውን ለእኔ ይስጡኝና ይለይለት።»

«የባሏ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ?» አለው አንዱ።

«እኔ ነኝ እንዴ ደንቡን ያወጣሁት?»

ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኛ በስውር እናጠጣላት። አንቱ ወጥታለች ይበሉ፤ ማን ያያል?» አለ።

ሐሳቡ ደግ ነበር። ሸኽ ይማም ደክሟቸውም ነበርና እሺ ቢሉ እፎይ ይሉ ነበር።

«ለየቲም ልጆቿ ብዬ ዛሬ ብዋሽ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ነገ እውነት ስናገር ማን ያምነኛል? ነገ ተራዋ ነው። ካልወጣች እስከ ወዲያኛው ያልፋል። አሁን ሄጄ አነጋግራታለሁ።»

ከደጇ ቆመው ሰላምታ አቀረቡ።

«ወዓለይኩሙሰላም፣ አባቴ። ይግቡ እንጂ።»

«ደጁ ይበቃኛል ልጄ።»

ትልቋ ልጅ በርጩማ አወጣችላቸው። የእንድሪስ አካፋ ከግድግዳው ተደግፏል፤ እጀታው ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ታስሯል። ሉባባ ዐይናቸውን ተከተለች።

«ቦዩ ላይ ጅን አለ፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው አይበቃውም ብለውኝ ነው ያሰርኩት። አካፋው ደፍሮ እንደሆን እንጃ፤ እኔ ግን ያው ነኝ።»

ሸኹ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «የምትፈሪው ቦዩን ብቻ ነው?»

«ሁሉን ነው። ሲዘንብ ጣራውን፣ ልጆቹ ሲስሉ ሳሉን፣ በር ሲንኳኳ መርዶውን። ቦዩማ ገና ስሙ ሲጠራ በሬን እዘጋለሁ።»

«ተወኩል አድርጊ፣ በአላህ ተመኪ ልጄ። አጀል፣ የሞት ቀጠሮ፣ ከቀኑ አይቀድምም።»

ይህን ቃል በየጁምዓው ብለውታል። አሁን ግን ከአፋቸው ሲወጣ ቀለለባቸው። ሉባባ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አንቱስ አባቴ፣ ከእንድሪስ ወዲህ እዚያ ወጥተው ያውቃሉ?»

«ጉልበቴ...» ብለው ጀመሩ። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ከሾላው ሥር ገና አሁን የተናገሩት ትዝ አላቸው።

«አልወጣሁም፣» አሉ። «ፈርቼ ነው። ዐይኔን በከደንኩ ቁጥር አፈሩ ይናዳል።»

ሉባባ አልተቆጣችም። «ታዲያ እንዴት ይሁን?» አለች፤ እሷም ደክሟት።

«ነገ ከዙህር በፊት እመጣለሁ። ትልቋን ልጅሽን ያዢና አብረን እንወጣለን።»

በማግሥቱ ወጡ። ሸኹ በየድንጋዩ እያረፉ፣ ሉባባ አካፋውን እየጎተተች፣ ልጅቷ ከጎኗ። ሙሄም «ዐይኔ ይይ ብዬ ነው» እያለ ከኋላ ተከተለ። ዳገቱ መሐል ላይ ሉባባ ቆመች።

«ይሄን ክታብ ልፍታው?»

«ፍቺው። አካፋው ይቅለልሽ።»

ቦዩ አፍ ሲደርሱ ሸኹ ተንዶ የቀረውን፣ ግንብ የሚያህለውን አፈር በምርኩዛቸው እየወጉ ፈተሹ። ደርቋል፤ ጠንክሯል። ቢሆንም ደግመው ወጉት። ሉባባ ከጭቃው ፊት ቆማ ቀረች።

«ልቤ እምቢ አለኝ አባቴ።»

«የእኔም እምቢ ብሏል። ጭቃውን ማንሳት ያንቺ ነው፤ እኔ አልነካውም።» ይህን ብለው ከአፈሩ ሥር፣ እንድሪስ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ሄደው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «እጅ ይቅደም ልጄ፤ ልብ በኋላ ይደርሳል።»

ቢስሚላህ አለች። ጭቃውን አነሳች። ውኃው በሸኹ እግር ሥር አልፎ ቁልቁል ሮጠ። እሷ ቆማ ታለቅስ ጀመር።

«ኧረ ተከተይው!» አለ ሙሄ፤ ድምፁ ግን ሰለል ብሎ ነበር። «ውኃ ለቅሶ አይጠብቅም።»

ልቧ ያን ቀን አልደረሰም። በሚቀጥለውም ተራ እየፈራች ወጣች፤ ሸኹም ተራዋ በደረሰ ቁጥር ከዚያው አፈር ሥር ተቀመጡ። ከብርቱካኖቹ አንዳንዱ አቆጠቆጠ፤ አንዳንዱ እንደ ደረቀ ቀረ።

እኛ ኢማን ያለው ሰው አይፈራም እንላለን፤ ፍርሃት ሲይዘን ደግሞ ኢማናችንን እንጠረጥራለን። ሙሳ ዐለይሂሰላም በትራቸው እባብ ስትሆን ፈርተው ሸሽተዋል። ጌታቸው ተመለስ፣ አትፍራ፣ ያዛት አላቸው እንጂ ስለ ፍርሃታቸው አልጣላቸውም። በትር የሆነችውም እጃቸው ከያዛት በኋላ ነው።

ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆም ነበር። አብሮት እንዳይጠፋ ብዬ ጻፍኩት። እጄ ጨርሷል፤ ልቤን እየጠበቅሁት ነው።